የውሃ ሽጉጥን ከቁጥቋጦ የሚያመሳስል ቀለም፦ አመራረጥና አቀባብ

ከሱቅ የሚገዛ የውሃ ሽጉጥ ሁሉ ከሩቅ «እዚህ ነኝ» ብሎ ይጣራል። ቢጫ ነው፣ ብርቱካናማ ነው፣ ወይም ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሎኒ ጆንሰን በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሌላ ነገር ሲሞክር ውሃ በኃይል ሲወነጨፍ አይቶ አሰበበት፤ መጫወቻው በ1990 ገበያ ወጣ፣ በዓመቱ ሱፐር ሶከር ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት መሰሎቹም በጮኸ ቀለም ተለይተው ይታወቃሉ። ለግቢ ጨዋታ ግን ይህ ቀለም ጠላት ነው። ልጁ ከጥዱ ጀርባ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጦ፣ ከቅጠሉ መሃል ብቅ ያለው ቢጫ ሰደፍ ያስበላዋል።

ስለዚህ ብዙ ልጆች በሆነ ክረምት ላይ «ካሞፍላጅ እንቀባው»፣ ማለትም ከአካባቢው ጋር የሚያመሳስል ቀለም፣ ማለታቸው አይቀርም። ብዙ አባቶችም ወደ ጋራዥ ገብተው በእጃቸው የገባውን ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ስፕሬይ ያነሳሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ጣሳ መልሰው እንዲያስቀምጡ ነው። ጥቁር ለመደበቅም አይበጅም፣ ለልጁ ደህንነትም አይበጅም። ሁለቱም ምክንያቶች ከታች በዝርዝር አሉ፤ የምጀምረው ግን ከደህንነቱ ነው።

ቀለም ከመግዛት በፊት፦ መጫወቻነቱ አይደበቅ

ደንቡ አንድ ነው፦ ሽጉጡ ከተጫዋቾቹ ዓይን ይሰወር፣ መጫወቻ መሆኑ ግን ከማንም ዓይን አይሰወር።

አሜሪካ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ሕግ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስሉ መጫወቻዎች፣ የውሃ ሽጉጥም ጭምር፣ መለያ ሳይኖራቸው እንዳይመረቱ፣ እንዳይሸጡና ወደ አገር እንዳይገቡ ይከለክላል። ለውሃ ሽጉጥ የተፈቀዱት መለያዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ ከአፈሙዙ ጫፍ ጀምሮ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ዙሪያውን የሚሸፍን የማይለቅ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ሌላው ውስጡ የሚታይ፣ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ መሆን ነው። ሦስተኛው ደግሞ መላው ገጽታው ነጭ ወይም ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ መሆኑ ነው። ይህን ዝርዝር ልብ በሉት፤ ደማቅ አረንጓዴ ውስጡ አለ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው። ካሊፎርኒያ በሕግ የተጠየቀን ቀለም ወይም መለያ ቀይሮ መጫወቻውን እውነተኛ ማስመሰልን በወንጀል ያስጠይቃል፤ መሣሪያ የሚመስል ነገርን በአደባባይ አውጥቶ መያዝንም ይከለክላል። የኒው ዮርክ ከተማ ደንብም ደማቅ ያልሆነ የመጫወቻ ሽጉጥን አይወድም። ብሪታንያ ያላችሁ ደግሞ በ2006 የወጣው ሕግ መጫወቻን ለውጦ እውነተኛ እንዲመስል ማድረግን ራሱን ጥፋት አድርጎታል። የምትኖሩበትን አካባቢ ሕግ አንድ ጊዜ ማየት ግዴታ ነው።

ሕጉን ከወረቀት አውጥተን ካየነው ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በኅዳር 2014 ክሊቭላንድ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ መናፈሻ ውስጥ በያዘው የመጫወቻ ሽጉጥ ምክንያት በፖሊስ ተተኩሶበት ሞቷል። በሽጉጡ ላይ መኖር የነበረበት ብርቱካናማ ጫፍ አልነበረም። አሜሪካ ያለን ሐበሾችም ልጆቻችንን የምናሳድገው እዚያው አገር ነው፤ ጎረቤት መስኮት ላይ ቆሞ ሲያይ የሚያየው «የሐበሻ ልጅ» አይደለም፣ ጥቁር ልጅ ነው። ስለዚህ ከሕጉ በላይ እንጠንቀቅ ብል ማጋነን አይሆንም።

በተግባር እንዲህ ነው የምመክረው። ቀለም የምትቀቡት ቅርጹ ራሱ መጫወቻ የሚመስለውን ብቻ ነው፦ ሆዱ የተነፋ፣ ትልቅ የውሃ መያዣ የተሸከመ፣ ወፍራም ፓምፕ ያለው። በቁመናው እውነተኛ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ የሚመስለውን በምንም ቀለም አትንኩት፤ እንዲያውም ቤት ባይገባ ይሻላል። አፈሙዙን 6 ሚሊ ሜትር ሳይሆን ቢያንስ አራት ጣት ያህል በብርቱካናማው ተዉት፤ የፓምፑን እጀታም እንዲሁ። የተቀባው ሽጉጥ ከግቢ ወይም ወላጆች ተነጋግረው ካዘጋጁት የጨዋታ ቦታ አይወጣም፤ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ አይታይም። ለጎረቤትም አንድ ቃል መንገር አይከብድም።

ልጆቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም፦ «አባዬ፣ ብርቱካናማው እኮ ያስበላናል!» እውነታቸውን ነው፣ ትንሽ ያስበላል። ግን አፈሙዝ ሁልጊዜ ከቅጠል ጀርባ ሊቆይ የሚችል ጠባብ ነገር ነው፤ የሚያጋልጠው በዋናነት ሰፊው ጎንና የሚያብረቀርቀው መያዣ ነው። እነሱን ካስተካከልን አብዛኛው ሥራ አልቋል።

ሕጉ ጠበቅ ያለበት ቦታ ላይ ላላችሁ ቀለም ሳይቀይሩ የሚሠራ መላ አለ። ገና ሲገዛ ደማቅ አረንጓዴ የሆነውን ወይም ብርሃን አሳላፊውን ምረጡ፤ ከዚያ ግፊት ከሚይዘው መያዣ በቀር ቀለም የሌለው የማያብረቀርቅ፣ ማት የሚባለውን ቫርኒሽ ብቻ ንፉበት። ቀለሙ ያው ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ነጸብራቁ ግን ይጠፋል። ለምለም ሣር ላይ የሚሰጠው ጥቅም ብዙዎች ከሚጠብቁት በላይ ነው።

አንደኛ፦ ቦታውን አንብቡ

ቀለም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ልጆቹ የሚጫወቱበት ቦታ ሂዱ፤ በሚጫወቱበት ሰዓት፣ ተፋላሚው በሚቆምበት ርቀት፣ 10 ወይም 15 ሜትር ላይ ቁሙ። ከዚያ በርከክ በሉ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የልጅ ዓይን ከፍታና የአዋቂ ዓይን ከፍታ የሚያዩት ጀርባ የተለያየ ነው። ቆሞ የሚያይ ሰው ቅጠል ያያል፣ ተንበርክኮ የሚያይ ግንድ፣ ጥላና የረገፈ ቅጠል ያያል።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለውን የኦክ ጫካ እንውሰድ፤ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ለሽርሽር የሚወጣበት ዓይነት ቦታ ነው። ሐምሌ ላይ ቀና ብለህ ስታይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ከወገብ በታች ስታይ ግን መሬቱ አምና በረገፈ ቡናማ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ግንዱ ግራጫ የቀላቀለ ቡናማ ነው፣ በመሃሉ ጥላ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ አረንጓዴው እዚህም እዚያም ብጥስጥስ ያለ ነው። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የተቀባ ሽጉጥ እዚያ ውስጥ ሲገባ ከቢጫው እምብዛም አይሻልም።

ስልካችሁን አውጡና ሦስት አራት ፎቶ አንሡ። ከዚያ በስልኩ ማስተካከያ ገብታችሁ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። አሁን ቀለም የለም፤ ያለው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ከሁሉ ሰፊ ቦታ የያዘው ምን ያህል ደመቅ ወይም ጠቆር ያለ ነው? ሁለተኛውስ? በጣም ጥቁሩ ቦታ ምን ያህል ነው? በወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን ሥላችሁ በእርሳስ አጥቁሯቸው። ቀለም ስትመርጡ መመሪያችሁ ይህ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፦ መጀመሪያ ድምቀት፣ ቀጥሎ ቀለም

ሰዎች «ትክክለኛው አረንጓዴ የትኛው ነው?» ብለው ይጨነቃሉ። ዓይን ግን ከሩቅ ቅርጽን የሚለየው በአብዛኛው በድምቀት ልዩነት ነው። አንድ ነገር ከጀርባው እኩል ደመቅ ወይም ጠቆር ካለ፣ ቀለሙ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ይዋሃዳል። ድምቀቱ ከተሳሳተ ግን ቀለሙ ልክ ቢሆንም ቅርጹ ተለይቶ ይወጣል። ከአውሮፓውያን ዘር ወንዶች 8 ከመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለባቸው፤ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ሌላው የማያየውን ካሞፍላጅ ለይተው የሚያዩት ድምቀትንና ሸካራነትን ስለሚያነቡ ነው። በልጆቹ ጓደኞች መካከል እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ካለ አረንጓዴ በአረንጓዴ መደራረብ አያዋጣችሁም።

የጥቁር ነገርም እዚህ ላይ ይለይለታል። በቀን ብርሃን ተፈጥሮ ውስጥ ድፍን ጥቁር የሆነ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ጥላ እንኳ ቀረብ ሲሉት ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር ግራጫ ነው። ጥቁር ሽጉጥ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደ ቀዳዳ ይታያል፤ ዓይንም ቀጥ ብሎ እዚያው ይሄዳል። ጥቁርና ብረትማ ቀለም መጫወቻን እውነተኛ የሚያስመስሉ ዋነኞቹ ቀለሞች መሆናቸው ሲጨመርበት፣ ከዝርዝራችሁ ለማውጣት ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ጠቆር ያለ ቦታ ሲያስፈልግ ጥቁር ቡናማ ተጠቀሙ።

አንድ ቀለም ለሁሉም ቦታ የሚል ሐሳብም አይሠራም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ2004 ለበረሃም፣ ለጫካም፣ ለከተማም ይሆናል ያለውን ግራጫማ የደንብ ልብስ አወጣ። ቀለሞቹ በድምቀት በጣም ስለተቀራረቡና ነጥቦቹም ደቃቅ ስለነበሩ ከሩቅ ተዋህደው አንድ ወጥ ፈዛዛ ነገር ይሆናሉ፤ አፍጋኒስታን ውስጥ ቅሬታ በዛበት፣ ከ2015 ጀምሮም በሌላ ተተካ። እኛ ያንን ያህል ገንዘብ የለንም፤ ትምህርቱ ግን በነጻ ነው። የምትመርጧቸው ቀለሞች በድምቀት በግልጽ ይለያዩ፣ ነጠብጣቦቹም አይድቀቁ።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ ውሃው ነው። የውሃ ሽጉጥ በጨዋታ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የማያብረቀርቅ ቀለም ሲረጥብ ይጠቁራል፣ ትንሽም ያብለጨልጫል። ደረቁን አይታችሁ የመረጣችሁት ወይራማ አረንጓዴ ጨዋታው በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ቀለም ነው። ስለዚህ ቀለም ስትመርጡ ከምታስቡት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ወዳለው ሂዱ፤ የናሙናውን ካርቶን ውሃ ንፉበትና እርጥቡን ከቦታው ጋር አነጻጽሩ።

እንግዲህ በየቦታው የምመክረው ይህ ነው።

ለዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ጫካ፦ መነሻው ካኪ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ግማሽ ያህሉን ይያዝ፤ ከዚያ ወይራማ አረንጓዴ፤ ጥቁር ቡናማ ደግሞ በጥቂቱ፣ ከአሥር አንድ እጅ ያህል። መስከረም ሲያልፍ አረንጓዴው ብቻውን ያጋልጣል፤ በላዩ ላይ ቡናማ ጣል ጣል አድርጉ።

ለሲያትል፦ እዚያ ፈርን የሚባለው ተክልና የዛፍ ሽበቱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ደመና ነው። መነሻው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቢሆን ያስኬዳል፤ በላዩ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ትንሽ ቡናማ። ካኪ እዚያ ጎልቶ ይወጣል።

ለዴንቨርና ለላስ ቬጋስ፦ አረንጓዴን እርሱት። የአሸዋ ቀለም፣ ካኪና ግራጫ የቀላቀለ ቡናማ ይበቃሉ። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ጥላው ጠንካራ ነው፤ የድምቀቱ ልዩነት ከሌላው ቦታ ሰፋ ይበል።

ለታጨደ ሣርና ለተከረከመ አጥር፣ ማለትም ለተራ ጓሮ፦ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ለመነሻ፣ ወይራማ አረንጓዴ ለጥላው። ቡናማ የምትጨምሩት አጥሩ የእንጨት ከሆነ ብቻ ነው።

ጨዋታው አመሻሽ ላይ ከሆነ ሌላም ነገር አለ፤ ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ቀይና ቡናማን ጠቆር አድርጎ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ደመቅ አድርጎ ያያል። ቡናማውን ቀነስ አድርጉ።

ሦስተኛ፦ ቅርጹን መስበር

ሜዳ ላይ ቆቅ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ እግርህ ሥር እስክትነሳ ድረስ የለችም። ጀርባዋ ጠቆር፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ዥንጉርጉሯም የአካሏን ዳር ዳር ይሰብረዋል። አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ቴየር ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስተዋለው ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ የማንኛውም ነገር ላይኛው ክፍል ይደምቃል፣ ታችኛው ይጠቁራል፤ ጠፍጣፋ አለመሆኑን የምናውቀውም በዚህ ነው። ላይኛውን ጠቆር፣ ታችኛውን ፈዘዝ ካደረግነው ነገሩ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ከጀርባውም ጋር ይቀላቀላል።

በሽጉጡ ላይ ይህ እንዲህ ይሠራል። የውሃ መያዣው ላይኛው ጀርባና የሰደፉ አናት ወይራማ አረንጓዴ ወይም ቡናማ፤ ጎኑ ካኪ፤ ሥሩና የእጀታው ታች ከሁሉ ፈዛዛው። ድንበሩ ቀጥ ያለ መስመር አይሁን፤ ይደብዝዝ።

ቀጥሎ ነጠብጣቡ ነው። ትልቁ ስህተት ነጠብጣብን በክፍሎቹ መሃል አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው፤ መያዣው ላይ አንድ፣ ሰደፉ ላይ አንድ። ይህ ቅርጹን ያጎላዋል። ነጠብጣቡ የክፍሎቹን ዳር መሻገር አለበት፦ ከመያዣው ጀምሮ ወደ ሰደፉ የሚፈስ፣ ከላይ ተነሥቶ በጎን በኩል ወደ ሥር የሚወርድ። ስፋቱ የልጅ መዳፍ ያህል ይሁን፣ ሁለቱም ጎን አይመሳሰል። ከዚያ በላይ የሆነ ጥበብ ለ15 ሜትር አያስፈልግም። ቅጠል በወረቀት ቆርጦ አንድ በአንድ ማተም ከቅርብ ያምራል፣ ከሩቅ ግን አይታይም።

አራተኛ፦ ፕላስቲኩን እወቁ

ቀለም በሁለተኛው ቀን እንደ ልጣጭ የሚነሳው በአብዛኛው ፕላስቲኩ ስላልተለየ ነው። አካሉ ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ በጥፍር ሲመታ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ቀለምም ይይዛል። ለስለስ ያለ፣ ሲነኩት ሰም የሚመስል ከሆነ ፖሊፕሮፕሊን ወይም ፖሊኤትሊን ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክት ተመልከቱ፣ 5 ከሆነ ፖሊፕሮፕሊን፣ 2 ወይም 4 ከሆነ ፖሊኤትሊን ነው። እነዚህ ቀለምን ይገፋሉ፤ መጀመሪያ የማጣበቂያ ፕራይመር ይፈልጋሉ፣ ያም ሆኖ ለዘለቄታው አያስተማምኑም።

ግፊት የሚይዘውን ብርሃን አሳላፊ መያዣ ጨርሶ አትቀቡት። በስፕሬይ ውስጥ ያለው ማሟሟያ አንዳንዱን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በፀጉር ያህል ስንጥቅ ሊያደክመው ይችላል፣ ያ ነገር ደግሞ ግፊት ይዞ ከልጅ ፊት አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ለእርሱ የአሮጌ ቲሸርት እጅጌ ወይም ወይራማ ረጅም ካልሲ አልብሱት። ሲፈለግ ይወልቃል፣ ውሃው ስንት እንደቀረ ይታያል፣ ጨርቅ ስለሆነም አያብረቀርቅም። እውነቱን ለመናገር ካልሲው ከየትኛውም ቀለም የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ስፕሬዩ ለፕላስቲክ የተሠራና ማት መሆኑ በጣሳው ላይ መጻፍ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ራስት-ኦሊየምና ክራይሎን የተባሉት ቀለም አምራቾች ካሞፍላጅ ብለው የሚሸጧቸው አሉ፤ ካኪ፣ ወይራማ፣ ቡናማና የአሸዋ ቀለም የሚመጡት ከእነዚህ ነው። ጋራዥ ጥግ የተረሳ የፋብሪካ ወይም የጀልባ ቀለም አትጠቀሙ። ለተራ ተጠቃሚ በሚሸጥ ቀለምና በልጆች መጫወቻ ቅብ ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን አሜሪካ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ በሚሊዮን 90 እጅ ነው፤ የድሮው ወይም የፋብሪካው ቀለም ይህን ላያሟላ ይችላል።

አምስተኛ፦ አዘገጃጀት

ውሃውን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ አንድ ቀን ይድረቅ። በሳህን ሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ የፀሐይ ቅባትና የእጅ ላብ ቀለም አያስይዙም። ከደረቀ በኋላ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነጸብራቁ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አሹት፤ መቆፈር አያስፈልግም። አቧራውን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ካቻቪቴ አንሥቶ ሁሉንም ብሎን መፍታት አልመክርም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሞላ ዘላ ከወጣች የማትመለስበት ሞዴል ብዙ ነው። ይልቅስ በማስኪንግ ቴፕ በደንብ ሸፍኑት፦ ብርቱካናማው አፈሙዝ፣ የውሃ መውጫው ቀዳዳ፣ ቃታውና በዙሪያው ያለው ክፍተት፣ የፓምፑ ዘንግ፣ የክዳኑ ጥርስና ጎሚኒው፣ ትርፍ ግፊት የምታወጣው ትንሽ ቀዳዳ ካለች እርሷም። የፓምፑን ዘንግ በተለይ አደራ። በላዩ ላይ የደረቀ ቀለም ሲገባና ሲወጣ ጎሚኒውን ይሞርደዋል፤ ከዚያ ግፊት አይይዝም። አምራቹ የለጠፈው ማስጠንቀቂያ ካለም ይሸፈን፣ አይጥፋ።

መያዣው ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና ግፊት የማይዝ ከሆነ መቀባት ይቻላል፤ ነገር ግን በጎኑ ላይ አንድ ጣት የምትሰፋ ቴፕ ከላይ እስከ ታች ለጥፉ። ቴፑ ሲነሳ የውሃው ልክ የሚታይበት መስኮት ይሆናል።

ስድስተኛ፦ መቀባት

ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሙቀቱ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን ሥሩ። እርጥበት የበዛበት የዲሲ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጠዋት ረፋዱ ላይ ይሻላል። ጓንትና ማስክ አድርጉ። ስፕሬዩን የሚይዘው አዋቂ ነው፤ ልጆቹ ካርቶን ላይ ዥንጉርጉር ይሣሉ፣ ቦታ ይምረጡ፣ በኋላም በስፖንጅ ይነካኩ።

ጣሳውን በውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ናጡት። ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራቁ፤ እጃችሁ ከሽጉጡ ውጭ ጀምሮ ከሽጉጡ ውጭ ይጨርስ። የመጀመሪያው ቅብ እንደ ጤዛ የተበተነ ይሁን፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ ቢታይ አትደንግጡ። ቢጫን በአንድ ጊዜ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው ቀለሙን ያንጠባጥባል፣ የተንጠባጠበ ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ያብረቀርቃል። ቢጫና ብርቱካናማ ፕላስቲክ በቀላሉ ስለማይሸፈን በስሱ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ቅደም ተከተሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው ነው። መጀመሪያ ካኪውን ወይም የአሸዋውን ቀለም ለሁሉም ቦታ። ጣሳው የሚፈቅደውን የመደራረቢያ ጊዜ አንብቡ፤ አንዳንዱ «በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አለዚያ ከ48 ሰዓት በኋላ» ይላል። በመሃል ከተቀባ ሥረኛው ይሸበሸባል። ቀጥሎ ላይኛውን ክፍል በወይራማው ከሩቅ ሆናችሁ በስሱ አጥቁሩ። ከዚያ ነጠብጣቦቹ።

ነጠብጣቡን ለመሥራት ከሁሉ የሚቀለኝ ስፖንጅ ነው። የወጥ ቤቱን ስፖንጅ ዳርና ዳር በእጅ ቦጭቁት፤ የተቆረጠ ቀጥ ያለ ጠርዝ አይቅር። ቀለሙን ካርቶን ላይ ትንሽ ንፉና ስፖንጁን ነክራችሁ፣ ትርፉን ሌላ ካርቶን ላይ አራግፋችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ። ዳሩ የተበጣጠሰና ሸካራ ሆኖ ይወጣል፤ ሸካራነቱ ራሱ ነጸብራቅ ይቀንሳል። ልጆቹ ጓንት አድርገው ሊሳተፉ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው፣ በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ቀለም ከተሰጣቸው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። አክሪሊኩ እንዳይታጠብ መጨረሻ ላይ ማት ቫርኒሽ ይነፋበታል።

ሌላው ቀላል ዘዴ የሣር ዘለላ ወይም የፈርን ቅጠል በሽጉጡ ላይ አስደግፎ በላዩ መንፋት ነው። ቅጠሉ ሲነሳ ቅርጹ ይቀራል። ሲያትል ላላችሁ ፈርኑ ደጃፋችሁ ላይ ነው።

ሲነካ የማይጣበቅ ሆነ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። ፕላስቲክ ላይ ቀለም ጥርስ እስኪያወጣ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ውሃ የተሞላ ሽጉጥ አጥብቆ የሚይዝ እጅ ቀለሙን ይዞት ይመጣል። እንዲያውም ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ቀለሙ ያለፈው ቅዳሜ ተቀብቶ ማለቅ አለበት።

ሰባተኛ፦ ሙከራ

ቴፑን አንሡ፣ ዘንጉንና ጎሚኒውን በሲሊኮን ቅባት አርጥቡ፤ ቫዝሊንና የመኪና ግሪስ አንዳንዱን ጎሚኒ ስለሚያሳብጡት አይሁኑ። ውሃ ሙሉ፣ ሽጉጡን እላዩ ላይም ውሃ አፍስሱበት።

ከዚያ መጀመሪያ ፎቶ ያነሣችሁበት ቦታ ሄዳችሁ ልጁ ባለበት ከፍታ ቁጥቋጦው ውስጥ አስቀምጡት። ወደ 15 ሜትር ተመልሳችሁ ዓይናችሁን ጨፈን፣ ከፈት አድርጉና ዓይናችሁ መጀመሪያ ምን ላይ እንዳረፈ አስተውሉ። ፎቶ አንሥታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ጠቆር ያለ ጉብታ ከታያችሁ ካኪ ጨምሩ፤ ነጣ ያለ ነገር ከታያችሁ ወይራማውን። የሚያብለጨልጭ ጠርዝ ብቻ ከሆነ የቀረው አንድ ዙር ማት ቫርኒሽ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ተቃራኒው ነው፣ መዝለልም አይቻልም። ሽጉጡን ከመንገዱ ዳር አውጡና ምንም የማያውቅ አዋቂ፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ፣ ከዚያው 15 ሜትር «ምንድን ነው የያዝኩት?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ሳያመነታ «የውሃ ሽጉጥ» ካልሆነ ብርቱካናማው አንሷል። ሰደፉ ጫፍ ላይ ሌላ ብርቱካናማ ቀለበት ጨምሩ፣ የፓምፑንም እጀታ በሙሉ ወደ ብርቱካናማ መልሱት።

እንክብካቤ

ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ሽጉጥ ፀሐይ ላይ በፍጥነት ይግላል። ግፊት ይዞ ሣር ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይተው፤ ሲያበቃ ግፊቱ ይለቀቅ፣ ውሃው ይደፋ። ከእርሱ ውሃ መጠጣት፣ አፍ ላይ መንፋትም የለም።

እጅ የሚነካው ቦታ መጀመሪያ ይላጣል። መላው ሽጉጥ እንደገና አይቀባም፤ የተላጠውን በስፖንጅ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል፣ እንዲያውም ያልተስተካከለው ዳር ለካሞፍላጁ ይጠቅማል። በየወቅቱ ቀለም መደራረብ ግን ልክ አለው፤ ቅቡ ሲወፍር ይሰነጠቃል። ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ወፍራም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ከቤት ውጭ፣ በውሃ እያረጠባችሁ አሳሱት፤ አሴቶን ወይም ቲነር ኤቢኤስን ስለሚያቀልጥ አይነካ።

አውሮፕላን ለምትሳፈሩ፣ አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ የሚመስል ነገር በእጅ ሻንጣ አይገባም። ሽጉጡ ባዶና ደረቅ ሆኖ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ፣ የመዳረሻው አገር ደንብም አስቀድሞ ይታይ። ለእረፍት ወደ ዘመድ የሚሄድ ልጅ ከሆነ ግን ያልተቀባውን ቢጫ ይዞ ይሂድ።